የማይሰማ ድምፅ ጓል ሲፈታ

ባለፈው በጋ ከምንጩ እስከ ሰፈራችን ውኃ የሚያደርሰው ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ተሰንጥቆ ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ውኃ ቀረን። እናቶችና እኅቶች ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ፣ እኔና አባቴ የተሰነጠቀውን ክፍል በመጋዝ ቈርጠን አወጣነው። ቧንቧው በዚያ ቦታ በዓለት ላይ ስለሚያልፍ በአፈር አልተሸፈነም ነበር፤ ቢሆንም ከተዘረጋ ገና ሁለት ክረምት አላለፈውም። አባቴም ቁራጩን እያገላበጡ፦ «ድንጋይ አልወደቀበት፤ ከብት አልረገጠው፤ እንግዲህ ምን ሰነጠቀው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝምና ቁራጩን ወደ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድሁ። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ስንጥቁ ከተነሣበት ቦታ ላይ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ አንዲት ጥቁር ጓል ተሰንቅራ አየሁ። ለአባቴ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ መምህሮቼ የተማርሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ነው እንግዲህ ለአንባቢዎቼ የማቀርበው። የነገሩም ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድን ነገር የሚያጠነክረው የተጨመረበት ነገር ብዛት ሳይሆን የተጨመረው ነገር በሚገባ መከፋፈሉ ነው።

ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ተደባልቀው ለየብቻቸው የሌላቸውን ጠባይ ሲያስገኙ የዘመኑ ሊቃውንት ድብልቁን «ኮምፖዚት» ይሉታል። ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በደባርቅም ሆነ በዳባት የጭቃ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ቢለጠፍ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ ሊሆን አይችልም። ጭድ ገብቶበት በእግር እየተረገጠ የቦካ ጭቃ ግን ለብዙ ዘመን ይቆማል፤ ጭቃው ሊሰነጠቅ ሲል ጭዱ ግራና ቀኙን ይዞ ያስቀረዋልና። ነገር ግን ረጋጩ ሰነፍ ሆኖ ጭዱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ቢቀር፣ በዚያ ቦታ የሚያያይዘው ጭቃ አይገኝም፤ በሌላውም ቦታ የሚይዘው ጭድ አይኖርም። ግድግዳውም በሁለቱም በኩል ደካማ ይሆናል። ስለዚህ አባቶቻችን ጭቃውን ደጋግመው ማስረገጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የውኃ ቧንቧችንም እንደ ግድግዳችን ድብልቅ ነው። የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊኢትሊን ይባላል፤ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። ጥቁር የሚሆነው ካርቦን ብላክ የሚባል እጅግ የላመ ጥላሸት ስለሚጨመርበት ሲሆን፣ መጠኑም ከመቶው ከ2 እስከ 2.5 እጅ ነው። ይህ ጥላሸት ለጌጥ የገባ አይደለም። አልትራቫዮሌት የሚባለውን የፀሐይ ጨረር እየዋጠ ፕላስቲኩ ደርቆ እንዳይሰባበር ይጠብቀዋል። ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር ይህ ጨረር ከመቶው 10 እጅ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ደባርቅ 2850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ናት፤ ሳንቃ በር ደግሞ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እኛ ደገኞች ብርድ ስለ በዛብን ፀሐይዋ የማትጎዳ ሊመስለን ቢችልም፣ ፕላስቲካችንን ከቆላው ፀሐይ ይልቅ የደጋው ጨረር ይበረታበታል። ጥላሸቱ ታዲያ በእኩል ካልተበተነ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ ጥላሸት ያልደረሰበት ቦታ ያለ ጥላ ይቀራል፤ ሁለተኛ፣ ጥላሸቱ የተጓጐለበት ቦታ ከፕላስቲኩ ጋራ በሚገባ ስላልተያያዘ ስንጥቅ ይነሣበታል። በእኛ ቧንቧ ላይ ያየኋት ጓል የዚህ ዐይነት ነበረች።

ጥላሸትን ማዋሐድ አስቸጋሪ መሆኑን የአገራችን ቁም ጸሐፊዎችም በሚገባ ያውቁታል። የብራና መጽሐፍ የሚጻፍበት ጥቁር ቀለም ከድስትና ከምጣድ ሥር በተፋቀ ጥላሸት፣ ከተቈላ እህልና ከሌላም ነገር የሚዘጋጅ ነው። ጸሐፊው ጥላሸቱን በውኃ በጥብጦ ወዲያው አይጽፍበትም፤ እየፈጨና እያሸ፣ እያቆየም ለረጅም ጊዜ ይደክምበታል። ጓል ያለበት ቀለም በብራናው ላይ ይንጠባጠባልና። በቧንቧ ውስጥ ያለው ጥላሸትና በቀለም ውስጥ ያለው ጥላሸት ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ የሚፈልጉትም ድካም አንድ ነው።

ዛሬ ሊቃውንት ከጥላሸት እጅግ የሚበልጥ የካርቦን ዐይነት አግኝተዋል፤ ስሙም ግራፊን ነው። በምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት እንደሚባል ሁላችንም ተምረናል። ግራፋይት እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የተነባበረ ነው። በእርሳስ ስንጽፍ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ከዚያ መጽሐፍ እየተገነጠለ የወጣው ቅጠል ክምር ነው። ከእነዚህ ቅጠሎች አንዱ ብቻውን ሲወጣ ግራፊን ይባላል። ውፍረቱ የአንድ አቶም ብቻ ስለ ሆነ፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ግራፋይት ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ቅጠሎች ተነባብረው ይገኛሉ። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ በሙሉ በአንድ የግራፊን ቅጠል ቢሸፈን የቅጠሉ ክብደት 5 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል።

ይህን ቅጠል ለይተው በማውጣት ጠባዩን ያሳዩት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮስዮሎቭ ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ግራፋይትን በተራ የወረቀት ማጣበቂያ ፕላስተር ደጋግመው እየላጡ አንድ ቅጠል እስኪቀር አሳሱት። ስለዚህም ሥራቸው በ2010 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ2008 ደግሞ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጥንካሬ ለኩ፤ ውፍረቱ እኩል ቢሆን ከብረት አንድ መቶ ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ኤሌትሪክና ሙቀትንም በሚገባ ያሳልፋል። እንዲህ ያለውን ነገር በፕላስቲክ ውስጥ እንደ ጭድ ቢጨምሩት ፕላስቲኩ ምን ያህል ሊጠነክር እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ችግሩ ግን ከዚህ ላይ ይጀምራል። የግራፊን ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። በመካከላቸው ያለው መሳሳብ ቫን ደር ቫልስ በሚባለው በሆላንዱ ሊቅ ስም ይጠራል። ለአንድ ነጥብ ሲታይ ደካማ ኀይል ነው፤ ቅጠሎቹ ግን ሰፋፊ ስለ ሆኑ በገጻቸው ሙሉ ሲገጣጠሙ ጠንካራ ይሆናል። ሁለት እርጥብ መስተዋቶች ተደራርበው ሲጣበቁ ጥፍር ካላስገቡ በቀር እንደማይላቀቁ ያለ ነው። የግራፊን ዱቄት በፕላስቲክ ላይ ቢነሰነስ ቅጠሎቹ እንደ ገና ተነባብረው ግራፋይት ይሆናሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነገር ጓል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

እኔም ይህን በዐይኔ ለማየት ፈልጌ በትንሹ ሞከርሁት። ግራፊን ስለሌለኝ የእርሳስ ፍሬ ፈጭቼ ዱቄቱን አናጢዎች ከሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ጋራ ቀላቀልሁት። አንዱን ሰሌዳ ዱቄት ሳላገባበት፣ ሁለተኛውን ዱቄቱን በእንጨት ብቻ አማስዬ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ዱቄቱን በጥቂት ኮላ በመስተዋት ላይ በማንኪያ ጀርባ አንድ ሰዓት ያህል አሽቼ አደረቅሁ። ሲደርቁ እኩል እኩል ቈርጬ ሰቀልኋቸውና ከሥራቸው ባንጠለጠልሁት ከረጢት አሸዋ ጥቂት በጥቂት ጨመርሁ። አስቀድሞ የተበጠሰው በእንጨት የተማሰለው ነበር፤ ዱቄት ጨርሶ ካልገባበት እንኳ ቀድሞ ተበጠሰ። የተበጠሰበትም ቦታ ጓል ያለበት ነበር። በሚገባ የታሸው ግን ከሦስቱ በለጠ። በሁለቱ ውስጥ የገባው ዱቄት በመጠን እኩል ነበር፤ የተለየው አደራረጉ ብቻ ነው። እጄም በጣም ደከመኝ፤ ያም ሁሉ ድካሜ ጓሉን በታተነው እንጂ ቅጠሉን ከቅጠሉ አልለየልኝም። ወደ ቅጠሎቹ መካከል የሚገባ ጣት ከየት ይገኛል? ሊቃውንት ያገኙት ጣት ድምፅ ነው።

ድምፅ ማለት አንድ ነገር ሲርገበገብ በአየር ወይም በውኃ ውስጥ የሚተላለፍ ተራ በተራ የሚመጣ መጨመቅና መሳሳት ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ይሰማል። ከዚያ በላይ ያለው አልትራሳውንድ ይባላል። የሌሊት ወፍ በጨለማ የምትበረው እኛ የማንሰማውን ይህን ድምፅ እያሰማች የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። እናቶቻችንም በእርግዝና ጊዜ በሐኪም ቤት አይተውታል። ሆኖም የሐኪሙ አልትራሳውንድና ስለዚህ የምነግራችሁ አልትራሳውንድ በሥራቸው ይለያያሉ። የሐኪሙ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜያት የሚርገበገብ ቀጭንና ለስላሳ ስለ ሆነ ሕፃኑን አይቶ ይመለሳል። ለማዋሐጃ የሚሆነው በሰከንድ 20,000 ጊዜ ያህል ብቻ የሚርገበገብ ሲሆን ኀይሉ ግን እጅግ የበረታ ነው።

የሚያስነሣው መሣሪያ ከፈረንሳዮቹ ወንድማማች ከዣክና ከፒየር ኩሪ ግኝት የተወለደ ነው። እነርሱ በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ፤ ክሪስታሉ ኤሌትሪክ ሲሰጠው ደግሞ በተራው እንደሚሳብና እንደሚኰማተር ወዲያው ተረጋገጠ። ፖል ላንዥቨን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን ጠባይ ተጠቅሞ ከባሕር በታች የሚሄዱትን መርከቦች የሚፈልግ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ሠራ። በዛሬው መሣሪያ ውስጥ ያለው ክሪስታል አንድን የቲታንየም ዘንግ ያርገበግባል፤ የዘንጉም ጫፍ ግራፋይት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይጠልቃል።

በፈሳሹ ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት በቤታችን ያለውን ጀበና እናስብ። በደባርቅ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከዐሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ በቀላሉ ይወለዳል ማለት ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ኋላ በሸሸ ጊዜ በፈሳሹ ውስጥ ግፊቱ በድንገት እጅግ ይወርዳል፤ ፈሳሹም ሳይሞቅ በውስጡ ጥቃቅን አረፋ ይወለዳል። ጫፉ ተመልሶ ሲገፋ አረፋው በራሱ ላይ ይደረመሳል። የእንግሊዙ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እንዲህ ያለ አረፋ ሲደረመስ የሚያስነሣውን ግፊት በ1917 አስልቶ አሳይቷል፤ በዚያ ዘመን የመርከብ መቅዘፊያ ብረት የሚቦረቡርበት ምክንያት መርማሪዎችን ያስጨንቅ ነበርና። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬኔዝ ሰስሊክና የሥራ ባልደረቦቹ እንዳረጋገጡት፣ በሚደረመሰው አረፋ ውስጥ ያለው ሙቀት 5000 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ የሚቆየው ግን ከዐይን ጥቅሻ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው። አረፋው በጠጣር ነገር አጠገብ ሲደረመስ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ የሚወረወር ቀጭን የፈሳሽ ጅራፍ ያወጣል። ይህ ጅራፍና የሚከተለው ድንጋጤ ጓሉን ይሰነጥቁታል፤ ፈሳሹም በስንጥቁ ገብቶ ቅጠሉን ከቅጠሉ ይለየዋል። የተፈለገው ጣት ይህ ነው።

ቅጠሉ ከተለየ በኋላ ተመልሶ እንዳይጣበቅ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው ከቅጠሉ ጋራ የሚስማማ ፈሳሽ፣ ወይም በቅጠሉ ላይ የሚለጠፍ ሳሙና መሰል ነገር ነው። በአየርላንድ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ጆናታን ኮልማንና ጓደኞቹ በ2008 እንዲህ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ግራፋይትን በአልትራሳውንድ ለያይተው ግራፊን አወጡ፤ ያገኙት ግን በአንድ ሊትር እስከ 10 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በሮድኒ ሩኦፍ የሚመራው ቡድን በኬሚካል የተሰናዳ ግራፋይትን በአልትራሳውንድ ለያይቶ ፖሊስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ ጋራ አዋሕዶ ነበር። ፖሊስታይሪን ኤሌትሪክ የማያሳልፍ ሲሆን፣ ከይዘቱ ከሺሁ አንድ እጅ ያህል ብቻ ግራፊን ሲገባበት ማሳለፍ ጀመረ። ቅጠሎቹ በእኩል ተበትነው ጫፍ ለጫፍ በመነካካታቸው ለኤሌትሪኩ መንገድ ስለ ሆኑለት ነው። ተጓጕለው ቢሆን ኖሮ ብዙ እጥፍ ቢገባም መንገዱ ባልተቀጠለ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንባቢ «ታዲያ ቧንቧው ሁሉ ለምን በዚህ አይሠራም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱም ይህ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ገንፎ ወፍራም ስለ ሆነ አረፋ በቀላሉ አይወለድበትም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ግራፊኑን አስቀድመው በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ይለያዩታል፤ ፕላስቲኩንም በዚያው አሟሙተው ፈሳሹን ያተንኑታል። ይህ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ፈሳሾቹም አንዳንዶቹ ለጤና አደገኞች ናቸው። በአክሮን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አቭራም ኢሳዬቭ የአልትራሳውንዱን ዘንግ ፕላስቲክ እየቀለጠ በሚወጣበት መኪና አፍ ላይ በመግጠም ሌላ መንገድ ሞክረዋል። ድምፁም ልክ አለው። ጥቂት ጊዜ ቢሆን ጓሉ ሳይፈታ ይቀራል፤ እጅግ ቢረዝም ቅጠሉ ራሱ እየተቈራረጠ ያንሳል፤ አጭር ጭድም ግድግዳ አይይዝም። ፈሳሹም ስለሚግል በበረዶ እያቀዘቀዙ መሥራት ግድ ነው። መሣሪያው ወደ ደጋችን ቢመጣ እንኳ ልኩ እንደ ገና መፈለግ አለበት፤ በዝቅተኛ የአየር ግፊት አረፋው ቶሎ ይወለዳል፤ ሲደረመስ ግን ኀይሉ ለዘብ ይላል።

ሀብታም ቤተ ሙከራ የሌለን እኛ ግን ተስፋ ልንቈርጥ አይገባም። እነዚያው የደብሊን ሰዎች በ2014 ግራፋይትን ከውኃና ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋራ በወጥ ቤት የጭማቂ መፍጫ ውስጥ በመምታት ብቻ ግራፊን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ግራፋይትም በአገራችን በሞያሌ አካባቢ መኖሩ በጂኦሎጂ ጥናት ታውቋል። እንግዲህ ጥሬው ነገር አለ፤ ጥላሸት ማሸት የሚያውቅ የአባቶች እጅም ነበረን፤ የሚጐድለው በትዕግሥት የሚመረምር ተማሪ ነው።

ወደ ቧንቧችን ልመለስና ልጨርስ። አዲስ ቧንቧ ሲገዛ ከመዘርጋቱ በፊት ጫፉን እንድንመለከት የሰፈራችን የውኃ ኮሚቴ ፈቀደልን። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከቧንቧው በምላጭ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጥ አንሥተን፣ ሞቅ ባሉ ሁለት መስተዋቶች መካከል ጨፍልቀን በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ከብርሃን አንጻር ተመለከትነው። ታላላቅ መርማሪዎችም ጥላሸት በቧንቧ ውስጥ መበተኑን የሚያረጋግጡት እንደዚሁ ባለ መንገድ ነው። ካየናቸው ሁለት ዐይነት ቧንቧዎች አንዱ ነጠብጣብ የበዛበት ስለ ነበር ኮሚቴው መለሰው፤ በሁለተኛው ጥቁረቱ እንደ ጥሩ ቀለም የተስተካከለ ስለ ነበር እርሱ ተገዝቶ ተዘረጋ። አባቴም ያችን አሮጌ ቁራጭ እስከ ዛሬ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋታል። ጎረቤት መጥቶ ምን እንደ ሆነች ሲጠይቃቸው፦ «ሳይታሽ የቀረ ጥላሸት ሦስት ቀን ያለ ውኃ አስቀረን» ብለው ይመልሱለታል።